ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ፤ የሁለት አይሮፕላን ማረፊያዎች ርቀትና የጉዞ ጊዜ ታሪክ

ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ «ላሊበላ ስንት ያህል ይርቃል?» ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ የሚያገኘው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። የአውቶቡስ ነጂ በኪሎ ሜትር ይመልስለታል፤ በገና ሰሞን በእግሩ ተጉዞ የተሳለመ ምእመን በቀን ቍጥር ይነግረዋል፤ አይሮፕላን የለመደ ነጋዴ ደግሞ በደቂቃ ይቈጥርለታል። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል። ይሁን እንጂ ሦስቱ መልሶች እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ያለ መግጠማቸው ምክንያት በመልስ ሰጪዎቹ ስሕተት ሳይሆን በወሎ ምድር አቀማመጥ፣ በከተሞቹ አመሠራረትና ከሰማንያ ዓመት በላይ ባስቈጠረው የአየርና የምድር መንገድ ሥራ ታሪክ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል።

በካርታ ላይ ማስመሪያ ለሚያሳርፍ ሰው ጉዳዩ ቀላል ነው። የኮምቦልቻ አይሮፕላን ማረፊያና የላሊበላ አይሮፕላን ማረፊያ በቀጥተኛ የአየር መሥመር የሚራራቁት 127 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለመለስተኛ መንገደኛ አይሮፕላን ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ በረራ ነው። ነገር ግን ማንም መንገደኛ ከማኮብኮቢያ ተነሥቶ በማኮብኮቢያ ላይ አይቀርም። ከቤቱ ደጃፍ ይነሣል፤ ወደ ጕዳዩ ደጃፍም ይደርሳል። በሁለቱ ደጃፎች መካከል የሚጠፋው ጊዜ በሁለቱ ማኮብኮቢያዎች መካከል ከሚጠፋው ጊዜ ምን ያህል እንደሚበልጥ በመሐንዲሶች ዘንድ ብዙ ጊዜ በሚገባ ሳይሰላ የሚታለፍ ጥያቄ ነው።

ከተማው ከላይ፣ ማረፊያው ከታች

የኮምቦልቻ ማረፊያ በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር መዝገብ የሚታወቅበት ባለ ሦስት ፊደል መለያ «ዲ ኤስ ኢ» ነው። ፊደሎቹ የኮምቦልቻን ሳይሆን የደሴን ስም ያስታውሳሉ። ስለዚህ በወረቀት ላይ ማረፊያው የደሴ ነው፤ በመሬት ላይ ግን ከደሴ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከፒያሳ ደግሞ 640 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይገኛል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት የማረፊያው ከፍታ 1,860 ሜትር ግድም ነው።

ይህ አቀማመጥ ድንገተኛ አይደለም። ደሴ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ሰፍረውባት ስም ያወጡላት፣ በኋላም የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ የሆነች ከተማ ናት። በምዕራብ የጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ የአዝዋ ገደል እንደ ግንብ ያጥሯታል። የቦርከና ወንዝ መካከሏን አቋርጦ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ሸለቆ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በዚያ ዘመን ለከተማ መቈርቈሪያ ቦታ የሚመርጥ ሰው ጠላት በቀላሉ የማይደርስበትን፣ ነፋሻ የሆነውን፣ ውሃና ማገዶ የማይታጣበትን ከፍታ ይሻ ነበር። ደሴ እነዚህን ሁሉ አሟልታ ነበር። ያልነበራት አንድ ነገር ቢኖር ረዥምና የተስተካከለ ሜዳ ነው፤ በ1870ዎቹ ደግሞ ይህ ጕድለት ማንንም አላሳሰበም።

በሌላው ጫፍ ላሊበላን የተመለከተ ሰው ተመሳሳይ ታሪክ ያገኛል። ዐሥራ አንዱ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙባት የላሊበላ ከተማም 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ተዳፋት ላይ ናት። ማረፊያዋ ግን ከከተማው 500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ 1,980 ሜትር ግድም ከፍታ ባለው በሹምሸሃ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል። በአየር መሥመር ቢለካ ማረፊያውና ከተማው 10 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አይራራቁም፤ በመኪና ግን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። ደሴና ኮምቦልቻም እንዲሁ ናቸው። የአየር መሥመሩ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የመኪናው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ችግር አለ። ከተማው ከላይ፣ ማረፊያው ከታች፤ በመካከላቸው ደግሞ ከቀጥተኛው ርቀት እጥፍ በላይ የሚረዝም ጠመዝማዛ መንገድ።

በቅሎና መድፍ የለኩት ርቀት

አይሮፕላን ከመምጣቱ በፊት በወሎ ርቀት የሚለካው በሸለቆ ብዛት ነበር። በደሴና በላሊበላ መካከል ያለው ምድር የበሽሎ ወንዝና ገባሮቹ የሰነጣጠቁት፣ አምባና ገደል የሚፈራረቁበት አገር ነው። አንዱን ገደል ለመውረድና በማዶው ለመውጣት የሚፈጀው ጊዜ ሜዳ ላይ ቢሆን ብዙ እጥፍ ርቀት ያስኬድ ነበር። የበቅሎ መንገደኛ ስለዚህ ነው ርቀትን በዕለትና በማደሪያ እንጂ በሌላ መለኪያ ያልቈጠረው።

ለዚህ ከሁሉ የጐላው ማስረጃ የዓፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ እያስጐተቱ ወደ መቅደላ አመሩ። የጂጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች ለማለፍ ሠራዊታቸው ድንጋይ እየፈለጠ፣ ገደል እየደረመሰ መንገድ አወጣ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ በማንሣት አርአያ ይሆኑ እንደ ነበር የዘመኑ ታዛቢዎች ጽፈዋል። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። በደብረ ታቦርና በመቅደላ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጉዞው የፈጀው ግን ስድስት ወር ያህል ነው። ያንኑ ርቀት ዛሬ አይሮፕላን በግማሽ ሰዓት ገደማ ያቋርጠዋል። ይሁን እንጂ የዓፄ ቴዎድሮስ መንገድ ለአገራችን የመንገድ ሥራ ታሪክ የተወው ትምህርት ከፍጥነት ይልቅ የሚበልጥ ነው፤ በወሎ የጉዞን ጊዜ የሚወስነው የመሬቱ ቍልቍለትና ዐቀበት እንጂ ርዝመቱ እንዳልሆነ ያስተምራል።

አይሮፕላን ወደ ወሎ ሲመጣ

የመጀመሪያው አይሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ላይ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከስምንት ወር በኋላ እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ በደብረ ዘቢጥ አጠገብ በአንቺም በራስ ጕግሣ ወሌና በመንግሥት ጦር መካከል በተደረገው ውጊያ አይሮፕላን ተካፋይ ሆነ። ያ ቦታ ዛሬ ከወልድያ ወደ ወረታ የሚወስደው አውራ ጐዳና የሚያልፍበት አካባቢ ነው። የወሎ ደጋ ሰው አይሮፕላንን ያወቀው እንግዲህ ከመኪና መንገድ በፊት ነበር ማለት ይቻላል። ያወቀውም እንደ መጓጓዣ ሳይሆን እንደ ጦር መሣሪያ ነው።

ደሴም እንዲሁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ላይ አድርገው ሳሉ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ አይሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበት ሆስፒታልም ከጥቃቱ አልዳነም። ተራራና ገደል ለዘመናት ሲጠብቃት የኖረች ከተማ በአየር ለሚመጣ ጠላት የተገለጠች መሆኗ የታወቀው በዚያ ቀን ነው።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ ከተያዘች በኋላ የባዶልዮ ጦር ከሺህ በላይ ተሽከርካሪዎች አስከትሎ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠውን 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የጨረሰው በዐሥር ቀን ግድም ነው። መንገዱ እየተጠገነ፣ መኪናው እየተገፋ ነበር። ይህ ልምድ ለወራሪው አንድ ነገር አስገነዘበው፤ መንገድ ሳይኖር ግዛት ማጽናት አይቻልም። ስለዚህ ከአሥመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው አውራ ጐዳና፣ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደውም መንገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሠሩ። በነዚሁ ዓመታት የኮምቦልቻ ሜዳ የጦር አይሮፕላን ማረፊያ ሆነ። የዛሬዋ ኮምቦልቻ የመስቀለኛ መንገድና የማረፊያ ከተማ ሆና የተወለደችው እንዲህ ነው። ደሴም ከዚያ ዘመን ፒያሳ የሚለውን ስምና ዙሪያውን ያሉትን አሮጌ ሕንፃዎች ወርሳ ቀረች።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዐቀበት ምን ያህል ፈታኝ እንደ ሆነ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. እንደገና ታየ። ከደቡብ የመጣው የደቡብ አፍሪቃ ብርጌድ ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ሆኖ በኮምቦልቻ በር ላይ መሽጎ የነበረውን የኢጣልያ ጦር ለማስለቀቅ ቀናት የፈጀ ውጊያ አድርጓል። ደሴ ነጻ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን ነው። ያን ጊዜ ቀናት የፈጀው ዐቀበት ዛሬ የሚኒባስ ተሳፋሪ በየዕለቱ ጧትና ማታ የሚመላለስበት፣ ነገር ግን ያን ያህል የማያስበው መንገድ ነው።

የማኮብኮቢያው ሒሳብ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። በእጁ የነበሩት አይሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 የተባሉት፣ በሲቪል ስማቸው ዲሲ-3 የሚባሉት ናቸው። እነዚህ አይሮፕላኖች ጠጠርና ሣር ሜዳ ላይ ማረፍ መቻላቸው ለአገሩ ትልቅ ዕድል ነበር። መንገድ ያልገባባቸው አውራጃዎች ሁሉ አንድ ደልዳላ ሜዳ ካላቸው ከአዲስ አበባ ጋር በሰዓታት ውስጥ ሊገናኙ ቻሉ። ጕድለቱ ዝናም ሲጥል ነበር። የላሊበላ የአፈር ማረፊያ በክረምት ጭቃ እየሆነ በረራ ይቋረጥበት እንደ ነበር የዚያ ዘመን ተጓዦች ያስታውሳሉ። አስፋልት እስኪነጠፍ ድረስ በደሴና በላሊበላ መካከል ያለው የአየር ርቀት በበጋና በክረምት አንድ አልነበረም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ማረፊያው ስለ ምን ደሴ ላይ አልተሠራም? የተለመደው መልስ «ከፍታው ስለሚበዛ» የሚል ነው። መልሱ ከፊል እውነት እንጂ ሙሉ አይደለም። አየር በከፍታ እየሳሳ ስለሚሄድ የክንፍ ማንሻ ኀይልና የሞተር ጕልበት ይቀንሳል። በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ መሠረት የአየር እፍጋት በኮምቦልቻ ከባሕር ወለሉ በመቶ 17፣ በደሴ ከፍታ ደግሞ በመቶ 22 ያህል ያንሳል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የንድፍ መመሪያ መሠረት ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ በማኮብኮቢያው መነሻ ርዝመት ላይ በመቶ 7 ይጨመራል። የማጣቀሻው ሙቀት ከመደበኛው ለሚበልጥበት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመቶ 1፣ ለእያንዳንዱ በመቶ 1 ተዳፋትም በመቶ 10 ይታከልበታል።

ለምሳሌ ያህል በባሕር ወለል ላይ 1,200 ሜትር የሚበቃውን አይሮፕላን እንውሰድ ቢባል፣ ኮምቦልቻ ላይ የከፍታው እርማት ርዝመቱን ወደ 1,720 ሜትር ያደርሰዋል፤ የማጣቀሻው ሙቀት 25 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ 2,100 ሜትር ይሆናል። ደሴ ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት የሚገኘው ውጤት 2,300 ሜትር ግድም ነው። የከፍታና የሙቀት እርማት ድምር ከመቶ 35 ሲበልጥ መመሪያው ራሱ ልዩ ጥናት እንዲደረግ ስለሚያዝ እነዚህ ቍጥሮች ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው። ሆኖም ነገሩን በግልጽ ያሳያሉ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት 200 ሜትር ብቻ ነው። ቦሌ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ ትልልቅ ጄቶችን የሚያስተናግድ ስለ ሆነ ከፍታ ብቻውን ደሴን አያስከለክላትም።

ደሴን የከለከላት የጦሳና የአዝዋ ገደል አጥር ነው። በመሣሪያ ለሚታረፍበት ዋና ማኮብኮቢያ የመቃረቢያው ወለል በመጀመሪያዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮች በመቶ 2 ብቻ ከፍ እያለ እንዲሄድ ይጠየቃል፤ ይህም ማለት ወለሉ ከሚጀምርበት 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ከ60 ሜትር በላይ የሚወጣ እንቅፋት ሊኖር አይገባም ማለት ነው። በዙሪያዋ ያሉት ተራሮች በመቶዎች ሜትር ከፍ ለሚሉባት ከተማ ይህ የማይሞላ ቅድመ ሁኔታ ነው። ስለዚህ አይሮፕላኑ ወደ ከተማው መምጣት ስላልቻለ ከተማው ወደ አይሮፕላኑ መውረድ ግድ ሆነበት። የሹምሸሃ ሜዳ ለላሊበላ የተመረጠበት ምክንያትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሠላሳ ደቂቃና ሰባት ሰዓት

አሁን የመንገደኛውን ጊዜ በየክፍሉ ማስላት ይቻላል። በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ቀጥተኛ በረራ አለ ብለን እንነሣ። ከፒያሳ ኮምቦልቻ ለመውረድ 50 ደቂቃ፣ ለምዝገባ፣ ለፍተሻና ለመሳፈር 90 ደቂቃ፣ ለበረራው 30 ደቂቃ፣ ላሊበላ ደርሶ ከአይሮፕላን ለመውረድና ሻንጣ ለመረከብ 20 ደቂቃ፣ ከሹምሸሃ ወደ ከተማው ለመውጣት 40 ደቂቃ ይያዝ። ድምሩ 230 ደቂቃ፣ ማለትም አራት ሰዓት ሊሞላ 10 ደቂቃ የቀረው ጊዜ ነው። ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ የሚያልፈው ከመቶ 13 ብቻ ነው።

የአይሮፕላኑ ፍጥነት ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ መመልከትም ጠቃሚ ነው። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ግድም የሚበረው ዲሲ-3 የ127 ኪሎ ሜትሩን ርቀት በ28 ደቂቃ ያህል ይሸፍናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ ያሰማራው ኪው 400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ስለሚችል ቀላል ሒሳብ 12 ደቂቃ ይሰጠዋል። ነገር ግን እንዲህ ባለ አጭር መሥመር አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ከፍታ በመያዝና ለማረፍ ዝቅ በማለት ስለ ሆነ፣ ከመሬት ተነሥቶ መሬት እስኪነካ ድረስ የሚተርፈው ቢበዛ ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው። በአንጻሩ የሁለቱ መዳረሻ መንገዶች አማካይ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ወደ 50 ኪሎ ሜትር ቢያድግ፣ በእያንዳንዱ 25 ኪሎ ሜትር ላይ 20 ደቂቃ፣ በሁለቱ ላይ 40 ደቂቃ ይቀነሳል። ይህ ከጠቅላላው የበረራ ጊዜ ይበልጣል። ከስድሳ ዓመት በላይ የፈጀ የአይሮፕላን ሥራ ዕድገት በዚህ መሥመር ላይ ያላተረፈውን ጊዜ ሁለት አጫጭር መንገዶችን ማሻሻል ብቻውን ሊያተርፈው ይችላል ማለት ነው።

ቀጥተኛ በረራ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። የአገሪቱ የአየር መሥመሮች እንደ ሠረገላ መንኰራኵር ከአዲስ አበባ ወደ ዳር የሚዘረጉ ስለ ሆኑ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ 254 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ በርሮ ቦሌ ያርፋል፤ ከዚያ 334 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይመለሳል። በድምሩ 588 ኪሎ ሜትር፣ ይኸውም ከቀጥተኛው ርቀት ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ሁለቱን የአንድ አንድ ሰዓት በረራዎች፣ በቦሌ የሚኖረውን የሁለት ሰዓት ቆይታና በሁለቱ ጫፍ ያለውን የምድር ጉዞና ሥነ ሥርዓት ሁሉ ለደመረ ሰው ጊዜው ከሰባት ሰዓት ያልፋል።

በዚሁ ጊዜ የምድሩ መንገድ ሥራውን ቀጥሏል። ከወልድያ እስከ ወረታ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» እያለ የሚጠራው ጐዳና በቻይና መንግሥት ርዳታ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1970ዎቹ ተፈጸመ። ከደሴ በወልድያና በጋሸና በኩል ላሊበላ የሚደርሰው መንገድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ከሰባት ሰዓት ያነሰ ይፈጃል። እንግዲህ በአዲስ አበባ ዞሮ ከሚበር መንገደኛ ጋር ከፒያሳ አብሮ የተነሣ የመኪና ተሳፋሪ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ቀድሞ ላሊበላ ሊደርስ ይችላል። በመንኰራኵር ቅርጽ የተዘረጋ የአየር መሥመር ዳር ያሉትን ከተሞች ከመካከሉ ጋር ሲያቀራርብ እርስ በርሳቸው ግን እንደ ተራራቁ ይተዋቸዋል።

መንገዱ ሲዘጋ

ይህ ሁሉ ስሌት መንገዱና ማረፊያው ክፍት በሆኑበት ጊዜ የሚሠራ ነው። በቅርቡ ጦርነት ወቅት የሁለቱም ጫፍ ሕዝብ ስሌቱ ሲፈርስ አይቷል። ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ከመንግሥት ቍጥጥር ውጪ ሲሆኑ ለመንገደኛ የሚሆን በረራም አውቶቡስም ቀረ። ከሰሜን ተፈናቅሎ ደሴ ተጠልሎ የነበረው ሕዝብ እንደገና ልጆቹን ይዞ ወደ ደቡብ ተሰደደ፤ ብዙው በእግሩ ነበር። መንግሥት ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን እስካስታወቀበት ጊዜ ድረስ በነበሩት ሳምንታት በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት ወደ በቅሎ ዘመን፣ አልፎም ወደ እግር ዘመን ተመልሶ ነበር። 127 ኪሎ ሜትሩ በካርታው ላይ አልተለወጠም። የተለወጠው ለማን በስንት ጊዜ እንደሚሻገር ነው።

ይህ ገጠመኝ ለመሐንዲስ የሚናገረው ነገር አለ። አንድ መዳረሻ መንገድ ብቻ ያለው ማረፊያ ያ አንድ መንገድ ሲበላሽ ማኮብኮቢያው ምንም ያህል ቢያምር ከተማውን አያገለግልም። በዶሮ መዝለያ በኩል የሚወርደው ጐዳና በናዳ ቢዘጋ፣ በክረምት ጐርፍ ቢሸረሸር፣ ወይም የተገለበጠ ተሳቢ ለግማሽ ቀን ቢያግደው የደሴ በሽተኛ ከአይሮፕላኑ ይቀራል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛም ሆነ ዕቃ የሚያንቀሳቅሰው በዚሁ አካባቢ መንገድ ነው። የከባድ መኪና፣ የሚኒባስና የአይሮፕላን መንገደኛ ፍላጎት በአንድ ጠባብ ዐቀበት ላይ ሲገናኝ የሁሉም ጊዜ አብሮ ይረዝማል።

ከደጃፍ እስከ ደጃፍ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ባጭሩ ሲጠቃለል የሚከተለው ነው። ደሴም ላሊበላም የተመሠረቱት ከፍታ ጥቅም በሆነበት ዘመን ነው። አይሮፕላን ሲመጣ ሜዳን ፈለገ፤ ሜዳውም ከታች ተገኘ። ስለዚህ በየጫፉ የተፈጠረውን ልዩነት የሚሞላው የምድር መንገድ የማረፊያው ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን የማረፊያው አካል ነው። የማኮብኮቢያ ንድፍ ሲዘጋጅ የመዳረሻው መንገድ ስፋት፣ የተዳፋቱ መጠን፣ የጐርፍ ማስወገጃውና የናዳ መከላከያው አብሮ መነደፍ፣ ወጪውም በአንድ መዝገብ መያዝ ይገባዋል። የአየር መሥመር ሲወጠንም ከተማን ከአዲስ አበባ ጋር ማገናኘት ብቻ ሳይሆን ጎረቤት ከተሞችን እርስ በርስ ማገናኘቱ የሚያተርፈው ጊዜ ሊሰላ ይገባል። መጠኑ ከላይ እንደ ታየው በሰባት ሰዓትና በአራት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የጉዞ ጊዜ ጥናት የሚያቀርብ ባለሙያ ሁሉ መነሻውን ከኮምቦልቻ ማኮብኮቢያ ጫፍ ሳይሆን ከደሴ ፒያሳ፣ መድረሻውንም ከሹምሸሃ ሜዳ ሳይሆን ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ቢያደርግ የሚያገኘው ቍጥር ያነሰ የሚያስደስት፣ ይበልጥ ግን የሚያገለግል ይሆናል። ፒያሳ ላይ ቆሞ «ላሊበላ ስንት ያህል ይርቃል?» ብሎ ለሚጠይቀው መንገደኛም ከአውቶቡስ ነጂው፣ ከምእመኑና ከነጋዴው መልስ የበለጠ የሚጠቅመው ይኸው ቍጥር ነው፤ በምን ሰዓት ከቤቱ እንደሚወጣና መቼ እንደሚደርስ የሚነግረው እርሱ ብቻ ነውና።